አንበጣ ብንበላ የሚከለክለን ምንድን ነው? ከባሕር ዳር የተከፈተ ክርና የመጡለት ምላሾች

በኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ይህን ክር፣ ማለትም የጥያቄና መልስ ሰንሰለቱን፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። በጣና ዙሪያ የምንኖር ሰዎች አንበጣን፣ ምስጥንና የንብ እጭን ከምግብ እንዳንቆጥር የሚከለክለን ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ሃይማኖት ነው? ጤና ነው? ወይስ መጸየፍ ብቻ? የጠየቅሁበትንም ምክንያት አልሸሸግሁም። ሥጋ ከብዙ ሰው ማዕድ ርቋል። እንቁላል ለሕፃን ብቻ ተለይቶ የሚቀመጥበት ቤት ብዙ ነው፤ እሱም የማይገኝበት ቤት አለ። በሌላ በኩል ፋኦ እየተባለ የሚጠራው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ሰነድ፣ በዓለም ላይ ወደ ሁለት ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ነፍሳትን እንደሚመገብና የሚበሉት ዝርያዎች ከ1,900 እንደሚበልጡ አስፍሯል። ይህን ያህል ሕዝብ የሚበላውን ነገር እኛ ስሙ ገና ሲነሳ ፊታችንን የምናዞረው ለምን እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነበር።

ምላሹ ጎረፈ። ክሩ ስለረዘመ አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ የተመለሰውን መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን መላሽ በምላሹ ተራ ቁጥር እየጠራሁ፣ የተባለውን በራሴ አነጋገር አሰባስቤዋለሁ። ሁሉንም እኩል አላነሳም፤ ሰላምታና ምስጋና ብቻ የያዙትን ዘልያቸዋለሁ፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ቁጥር 1 በትሕትና ነው የጀመረችው። ጥያቄው በመነሳቱ መደሰቷን ገልጻ፣ ሃይማኖት ይከለክላል የሚል ሰው ከመምጣቱ በፊት በሩን ልትዘጋው ፈለገች። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ቁጥር 22 አንበጣን በስሙ ጠርቶ እንደሚፈቅድ፣ መጥምቁ ዮሐንስም በበረሃ የኖረው በአንበጣና በማር እንደሆነ አስታወሰች። ቁጥር 2 ዲያቆን ነኝ ያለ ሰው ነው፤ አመስግኖ አረማት። እዚያው ምዕራፍ ላይ ክንፍ ኖሯቸው የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ ፍጥረታት ሁሉ ርኩስ እንደተባሉ፣ የተፈቀዱት በምድር ላይ የሚዘሉበት ጭን ያላቸው ብቻ እንደሆኑ አሳየ። በዚህ ሕግ አንበጣና ፌንጣ ይገባሉ፤ ምስጥና የንብ እጭ አይገቡም። የዮሐንስንም ምግብ የበረሃ ቅጠል ነው ብለው የሚያስተምሩ የአገራችን መምህራን እንዳሉ ጨመረ። እኔ ሦስቱን አንድ ላይ ያነሳሁት ሰው ሲጸየፍ ሦስቱን ስለማይለያቸው ነው። ለሃይማኖቱ ጉዳይ ግን የዲያቆኑ ልዩነት ተገቢ ነው፤ ከሱ በኋላ የጻፉት ብዙዎቹ ስለ የትኛው እንደሚናገሩ ለይተው የጻፉት በሱ ምክንያት ነው።

ቁጥር 3 እግዚኦታ ብቻ ነበር። ቢርበው እንኳ ትል ከሚበላ ጦሙን እንደሚያድር ጻፈና ሄደ።

ቁጥር 4 የቀበሌውን ስም ያልጠቀሰ የባሕር ዳር ሙስሊም ነው። በእስልምና አንበጣ እንደ ዓሣ መሆኑን፣ ቢስሚላህ ተብሎ ሳይታረድ የሚበላ ሐላል እንደሆነ በሐዲስ መነገሩን አስረዳ። ከዚያ ወደ አያቱ ተሻገረ፤ እኔም ይህን ክፍል ደጋግሜ አነበብኩት። አያቱ በወጣትነታቸው የመን ለሥራ ሄደው የተማሩትን እዚህ አገር ከተመለሱም በኋላ አልተዉትም ነበር። አንበጣ የሚለቀመው ሊነጋጋ ሲል፣ ብርዱ ክንፉን አደንዝዞት ከቁጥቋጦው ላይ እንደ ተጣበቀ ነው፤ ፀሐይ ካሞቀው በኋላ ማንም አይደርስበትም። በጆኒያ ይሰበሰባል፣ ጨው ባለበት የፈላ ውኃ ውስጥ ከነነፍሱ ይገባል፣ ቀለሙ ወደ ቀይ ሲያደላ ይወጣል። ከዚያ ራሱ ሲጎተት አንጀቱ አብሮ ይመጣል፤ ክንፉና ያ መጋዝ የመሰለ ሻካራ የኋላ እግሩ ይነቀላል። ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ይደርቅና ምጣድ ላይ ይታመሳል። እግሩ ሳይነቀል ከተበላ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል፤ አያቱ ለልጆች ከመስጠታቸው በፊት አንድ በአንድ የሚፈትሹት ለዚህ ነበር። የልጅ ልጃቸው ቁጥር 4 ጣዕሙን ሲገልጽ ከቆሎ ጋር የሚሄድ፣ ቅባት ያለው ነገር ነው አለ፤ ጎረቤት ሲመጣ ግን ሰሌኑ ወደ ጓዳ ይገባ ነበር።

ቁጥር 5 የእርሻ ባለሙያ ነው። የቁጥር 4ን ትዝታ አከበረለትና ወዲያው ማስጠንቀቂያ አስከተለ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም የበረሃ አንበጣ አገራችንን ሲወር በአውሮፕላንም በመሬትም የተረጨው ማላታይንና ክሎርፓይሪፎስን የመሰለ ኬሚካል ነው። የተረጨበት አንበጣ ወዲያው አይሞትም፤ መርዙን ይዞ በርሮ ሌላ ወረዳ ሊወድቅ ይችላል፣ አይቶ መለየትም አይቻልም። ስለዚህ መርጨት በተጀመረበት አካባቢ አንበጣ ለቅሞ መብላት በሕይወት መቀለድ ነው። ሁለተኛው ነጥቡ አንበጣን በልተን እንጨርሰዋለን የሚል ሐሳብ ካለ ይተው የሚል ነው። አንዱ አንበጣ ክብደቱ ሁለት ግራም ቢሆን ነው፤ በቀን የክብደቱን ያህል ይበላል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል፣ በአንድ ቀን 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል ያወድማል። ይህን በእጅና በጆኒያ የሚችለው የለም።

እስከዚህ ድረስ ክሩ ሰላማዊ ነበር። ቁጥር 6 ከራያ በኩል ገባ፣ ቃሉም የሚያቃጥል ነው። በ2013 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ማሽላቸው ሊታጨድ ደርሶ ሳለ መንጋው እንዴት እንዳረፈበት፣ ሴት ወንዱ ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ሲሯሯጥ ውሎ ማታ የቀረው ገለባ እንደነበር ጻፈ። የሐይቅ ዳር ሰዎች ዘንባባ ሥር ተቀምጠው የሱን ቤተሰብ ያስራበውን ተባይ አጣፍጦ ስለ መብላት ማውራታቸው ልቡን እንዳደማው ገለጸ። እኔን በቀጥታ ነው የወቀሰው። ንዴቱን ተረድቼዋለሁ፤ አዝመራው ዓይኑ እያየ የተበላ ሰው ስለ አንበጣ ጣዕም ሊሰማ አይገደድም። ይህንኑ ጻፍኩለት፣ ጥያቄዬን ግን አልተውኩትም፤ ምክንያቱም ያ ሕዝብ ማሽላውንም አጣ፣ አንበጣውንም ቀበረ።

ቁጥር 7 ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 በፓኪስታን ኦካራ በተባለው አካባቢ፣ ኬሚካል ባልተረጨበት ቦታ፣ ገበሬዎች ዛፍ ላይ ያደረውን አንበጣ በሌሊት እየሰበሰቡ በኪሎ ተከፍሏቸዋል፤ አንበጣው ተፈጭቶ የዶሮ መኖ ሆኗል። ኬንያም በተከታዩ ዓመት ተመሳሳይ ነገር ተሞክሯል። አዝመራውን አያድንም፣ የቁጥር 5 ስሌት እንደቆመ ነው፤ ያጣ ሰው ግን ባዶ እጁን አይቀርም ነው ነገሩ። ቁጥር 6 ተመልሶ ከመጣ በኋላ ድምፁ ቀነሰ፤ ያኔ ጆኒያ ይዞ የሚመጣ ገዢ ቢኖር ኖሮ ልጆቹም ጭምር ይለቅሙ እንደነበር ጽፎ፣ ገዢው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። እስካሁን ለዚህ የመለሰለት የለም።

መኖ የሚለው ቃል ከተነሳ በኋላ ክሩ ሌላ መንገድ ያዘ። ቁጥር 8 ባሕር ዳር አጠገብ ሰባታሚት በተባለ ቦታ ዶሮ የምታረባ ሴት ነች፤ በኔ እምነት ከሁሉም በላይ ጠቃሚውን የጻፈችው እሷ ነች። የኑግ ፋጉሎ፣ የአኩሪ አተርና የፍሩሽካ ዋጋ ከአቅሟ በላይ ሲሆንባት፣ ብላክ ሶልጀር ፍላይ የሚባለውን ጥቁር ዝንብ እጭ ማርባት ጀመረች። ዝንቡ የቤት ዝንብ አይደለም፤ አዋቂው ምግብ ላይ የሚያርፍበት ጉዳይ የለውም፣ በእጭነቱ ባከማቸው ስብ ኖሮ፣ ተራክቦ፣ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። ምግብ የሚበላው እጩ ነው። ከጁስ ቤቶች የማንጎና የአቮካዶ ልጣጭ በባልዲ ትሰበስባለች፣ ድሮ ቆሻሻ ተብሎ የሚጣለውን። ልጣጩን ከፍሩሽካ ጋር ቀላቅላ ጣውላ ሳጥን ውስጥ ትጨምረዋለች። እጁን ያስገባ ሰው ሙቀቱ ይገርመዋል አለች፤ እጮቹ ተፋፍገው ሲበሉ ሳጥኑ ራሱ ይግላል። ሳጥኑን ጠጋ ብሎ ላዳመጠ ሰው ዝናብ ቅጠል ላይ ሲያካፋ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አለው። ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ነጩ እጭ ይጠቁርና መብላት አቁሞ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ይወጣል። ሳጥኑ ጎን ላይ ያጋደመችው ጣውላ ላይ እየወጣ ጫፉ ላይ ካለው ባልዲ ራሱ ይወድቃል፤ ለቃሚ አያስፈልገውም። ዶሮዎቹ የባልዲውን እጀታ ድምፅ ለይተው ያውቁታል። ችግሩ ብርድ ነው፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ዝንቡ እንቁላል መጣል ያቆማል፣ ሳጥኖቹን በጆኒያ ትሸፍናለች። ፋጉሎውን ሙሉ በሙሉ አልተካላትም፤ የቀነሰላትን ቀንሶላታል።

ቁጥር 9 በትል ያደገ ዶሮ ሥጋው ንጹሕ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 10 ቆጣ አለ፤ የአበሻ ዶሮ ቀኑን ሙሉ አፈሩን እየጫረች የምትለቅመው ምን መስሎት እንደሆነ መልሶ ጠየቀው፣ የፋሲካው ዶሮ ወጥ የተሠራውም ከዚያችው ዶሮ ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ ቁጣው ግን አላስፈለገም ነበር። ቁጥር 9 ከልቡ ነው የጠየቀው፣ ደግሞም አልተመለሰም።

ቁጥር 11 ነርስ ነች። ስለ ጤናው በጨዋ አንደበት ሁለት ነገር አስታወሰች። አንደኛ፣ ሽሪምፕና ክራብ የመሰሉ የባሕር እንስሳት አለርጂ የሚያስነሱበት ሰው አንበጣም ሊያስነሳበት ይችላል፤ ምክንያቱም በሁለቱም ውስጥ የሚመሳሰል ፕሮቲን አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 የደረቀ የዱቄት ጥንዚዛ እጭንና አንበጣን ለምግብነት ሲፈቅድ እሽጉ ላይ ይኸው ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያዘዘው ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ሽሪምፕ በልቶ የሚያውቅ ጥቂት ስለሆነ አለርጂ ይኑርበት አይኑርበት የሚያውቅ ሰውም ጥቂት ነው፤ ለሕፃን መጀመሪያ ሲሰጥ በጥቂቱ ይሁን አለች። ሁለተኛ፣ የነፍሳት ፕሮቲን፣ ብረትና ዚንክ ጥሩ መሆኑን አረጋግጣ፣ ባቄላና ሽምብራ ያለው ቤት ግን በአንበጣ ማጣት የሚጎዳ እንዳይመስለው አስገነዘበች።

ቁጥር 12 እና 13 ወደ እምቦጭ ወሰዱን። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየውን ይህን አረም ሰብስበን ለቁጥር 8 እጮች ብንሰጣቸው ሁለት ችግር አንድ ላይ አይፈታም ወይ አለ። ሌላው እምቦጭ አብዛኛው ውኃ እንደሆነ፣ ከዚያም ከከተማ የሚፈስ ቆሻሻ ውስጥ ያለ ከባድ ብረት የሚባል መርዛማ ማዕድን ወደ ሥሩ ስለሚስብ በእጩ በኩል ወደ ዶሮ፣ በዶሮ በኩል ወደ እኛ እንዳይመጣ ሳይመረመር አይነካ አለ። ከዚያ ሐይቁን ማን ያጽዳ፣ ማን አበላሸው የሚል ጭቅጭቅ ተነሳ። ራሱን የቻለ ክር የሚገባው ስለሆነ እዚህ አልዘረዝረውም።

ቁጥር 14 ጋምቤላ ለሥራ የቆየ መሐንዲስ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ክንፍ ያወጣ ምስጥ ከኩይሳው እንዴት እንደሚወጣ፣ የአካባቢው ሰዎች ማታ ብርሃን አብርተው ከሥሩ በተቆፈረ ጉድጓድ እንዴት እንደሚይዙት ተረከ። ክንፉ በእጅ ሲታሽ ይረግፋል፣ በወንፊት ተነፍቶ ይጸዳል፤ ምጣድ ላይ ሲወርድ ዘይት አይጨመርለትም፣ በራሱ ስብ ይጠበሳል። በእንግድነቱ ቀርቦለት በላ፤ ደግሞ እንደሚበላም አልደበቀም።

እዚህ ላይ ቁጥር 15 መጣ። ምላሹን እዚህ መድገም አልፈልግም። ባጭሩ፣ ምስጥ የሚበሉትን ወገኖች በሚበሉት ነገር ሰውነታቸውን ዝቅ አድርጎ ተናገረ፤ እኛ ጨዋ ሕዝብ ነን፣ እንዲህ ያለውን ነገር ለለመዱት እንተወው አለ። ብዙዎች የመውደድ ምልክት አደረጉለት። የክሩ ትልቁ ነገር የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ቁጥር 16 ከነገደ ወይጦ የተወለደ ወጣት ነው። ስድብን በስድብ አልመለሰም። ይህ አነጋገር ለሱ አዲስ እንዳልሆነ ነው የጻፈው። አያቶቹ በጣና ላይ ጉማሬ ያድኑና ይበሉ ነበር፤ ቅርፊት የለውም ተብሎ ብዙው ሰው የማይቀምሰውን አምባዛንም ይበላሉ። ክርስቲያኑ በዚህ ምክንያት አራቃቸው። እስላሞች ሆነው ሳለ ሌላው እስላምም ከነሱ ጋር አልበላም። ዛሬ ጉማሬ የሚያድን የለም፤ ስሙ ግን አልለቀቃቸውም። ደንገል ቆርጠው፣ አስረው፣ ታንኳ ሠርተው የከተማውን ሰው ወደ ደሴቶቹ ያሻግሩ ነበር። በታንኳቸው የተሳፈረ፣ ዓሣቸውን የገዛ፣ እናቱ የሰፋችውን ሰፌድ ቤቱ የወሰደ ሰው፣ በቤታቸው ውኃ አይጠጣም። በትምህርት ቤት የእረፍት ሰዓት ምሳ ዕቃውን ሲከፍት ከጎኑ የተቀመጡት ልጆች አንድ በአንድ ይነሱ ነበር። ምሳ ዕቃው ውስጥ የነበረው እንጀራ በሽሮ ነው። ማንም ሊያይ አልፈለገም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የራሴን ጥያቄ ደግሜ አየሁት። ለምን አንበላም የሚለው ጥያቄ ውስጥ ከማን ጋር አንበላም የሚል ሌላ ጥያቄ አለ፤ በጣና ዳር ደግሞ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀድማል። አንድ ሰው አንበጣ አልቀምስም ቢል መብቱ ነው፣ ሃይማኖቱ ይሁን ምላሱ ማንም አይጠይቀውም። የበላውን ሰው ሲያገል ግን ነገሩ የምግብ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ፋኦ ስንት ዝርያ መዘገበ፣ ፕሮቲኑ ስንት ነው ብለን ብንደረድር፣ የሚበላው ሰው ጎረቤቱ እንደሚርቀው ካወቀ ሰሌኑን ወደ ጓዳ ያስገባል። የቁጥር 4 አያት ያደረጉትም ይህንኑ ነው።

ቁጥር 17 ለቁጥር 16 አዘነለት፤ ግን ጉማሬና አንበጣ በሕጉ አንድ አይደሉም፣ ጉማሬ አያመሰኳም ብሎ የሕግ ክርክር ከፈተ። ቁጥር 2 ዲያቆኑ ተመልሶ ያስቆመው በዚህ ጊዜ ነው። ሕጉ ምግቡን ከለከለ እንጂ ሰውን እንድንጸየፍ አላዘዘም፣ የቁጥር 16 ምሳ ዕቃ ውስጥ የነበረው ሽሮ መሆኑም አይዘነጋ አለው። ቁጥር 18 ከዘጌ ነው፤ እሱ ያመጣው የንግዱን ነገር ነው። አምባዛን አንበላም የምንል ሰዎች አምባዛን አድርቀን በመተማ በኩል ለሱዳን ገበያ ስንልክ ኖረናል፤ ገንዘቡን ማንም ርኩስ አላለውም። ይህ አባባሉ ስለታም ነው፣ ግን የተናገረው በራሱ ቤት ስለሚሠራው ሥራ ነው።

ቁጥር 19 የታሪክ መምህር ናቸው። ነውሩ ከየት እንደመጣ የራሳቸውን ግምት አቀረቡ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም በነበረው ክፉ ቀን ከብቱን በሽታ ፈጀው፣ ቀሪውን ሰብል አንበጣና ተምች በላው፣ ሰውም በደህናው ቀን የማይነካውን ሁሉ በላ። እሳቸው እንደሚሉት ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር መብላት የርሃብ ምልክት ሆኖ በሕዝቡ ልብ ቀረ፤ የምንሸሸው ምግቡን ሳይሆን የዚያን ዘመን ትዝታ ነው። ለዚህ ማስረጃ መጠየቅ ይቻላል፣ ቁጥር 20ም ጠይቋቸዋል፤ በኦሪቱ የተከለከለው ከክፉ ቀን በፊትም ይጸየፉት ነበር ብሎ። መምህሩ ይህን አልካዱም፣ ለአንበጣ ግን ኦሪቱ ፈቅዶ ሳለ ለምን ተተወ የሚለው እንዳልተመለሰ አሳሰቡ። እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ።

ቁጥር 21 የጠየቀው አንበጣ በጾም ይበላል ወይ ነው። በዓሣው እንኳ ያልተስማማን ሰዎች በአንበጣ እንደማንስማማ ግልጽ ነበርና ክርክሩ ተጀምሮ በዚያው ቀረ።

ቁጥር 22 ከአዴት በኩል የሚጽፉ አዛውንት ንብ አርቢ ናቸው፤ ልጃቸው እየጻፈላቸው ነው። ማር የሚቆረጠው ማታ ነው፣ አንዱ ኩበት እያጨሰ ይቆማል፣ ሌላው የማሩን እንጀራ ከቀፎው ይቆርጣል። ከማሩ እንጀራ መሐል እጭ የያዘው ሲገኝ ጭሱን ለያዘው ልጅ ይሰጠዋል። ልጁ ከነእጩ ያኝከዋል፤ እጩ ሲፈነዳ ወተት የመሰለ ነው፣ ሰሙን መጥጦ ይተፋዋል። ልጅነታቸውን ያሳለፉት በዚህ ነው፣ ርኩስ ነው ያላቸው አልነበረም፤ ለጠጅ በሚጣለው ማር ውስጥም ያልተጣራ ስንት ነገር አብሮ እንደሚገባ ጠጅ ጣይ ሁሉ ያውቃል። ግን አሁን እጭ ያለበትን እንጀራ እንዳይቆርጡ ልጆቻቸውን ይመክራሉ፤ እጩ ካለቀ ንቡ ይዳከማል። ብዙ የተማረ ሰው ስለ ነፍሳት ምግብ ሲጽፍ ይህን የሚያነሳ አላየሁም። እሳቸው የሚበላ ነው አይበላም የሚለውን በአንድ ቃል አልፈው፣ ከተበላ በኋላ ቀፎው ምን ይሆናል ወደሚለው ሄዱ።

ቁጥር 23 አስተዳዳሪዎቹ ቁጥር 15ን እንዲያጠፉት ጠየቀ። እኔ እንዲቆይ ለምኛለሁ። እሱ ከጠፋ የቁጥር 16 ምላሽ ከመሬት ተነስቶ የተጻፈ ይመስላል፤ የመውደድ ምልክት ያደረጉት ሰዎችም ምን እንደወደዱ ተመልሰው ማየት አለባቸው። ሦስቱ ምልክታቸውን እንዳነሱ አይቻለሁ። ቁጥር 15 ራሱ አንድ ጊዜ ተመልሶ፣ የተናገረው ስለ ምግቡ እንጂ ስለ ሰዎቹ እንዳልሆነ ጻፈ። ጽሑፉ ግን እዚያው ስላለ ማንም ሊያነበው ይችላል፤ ስለ ሰዎቹ ነበር።

ቁጥር 24 ባሕር ዳር ሸምብጥ ሰፈር የምትኖር እናት ነች። ይህ ሁሉ ቢባልም ገበያ ወርዳ አንበጣ እንደማታገኝ፣ ልጇ ግን ዛሬ መብላት እንዳለባት ጽፋ፣ ለሷ የሚሆን ነገር ካለ እንዲነገራት ጠየቀች። ቁጥር 11 ነርሷ ቀድማ መለሰችላት፦ የባቄላ ክክ፣ ሲገኝ እንቁላል፣ ሐይቅ ዳር ረከስ ሲል ቀረሶ ዓሣ፤ ነፍሳት የግድ አይደሉም። እኔ የጨመርኩት ግቢዋ ዶሮ መያዝ የሚችል ከሆነ እንቁላሉን ከቤቷ እንድታገኝ ነው፤ መኖ ውድ ነው ብላ ከሰጋች ደግሞ የቁጥር 8 መንገድ አለ። ቁጥር 8 ወዲያው ገብታ አንድ ቆርቆሮ ጀማሪ እጭ በነጻ እንደምትሰጣት፣ መጥታ ካልወሰደች እሁድ ወደ ከተማ ስትገባ እንደምታደርስላት ጻፈች። ቁጥር 16 የሳጥኑን ጣውላ እሠራልሻለሁ አለ፤ የታንኳ ሥራ ስለቀዘቀዘ አናጢነት ይዟል። ከቁጥር 25 ጀምሮ ያለው ስለ ሳጥኑ ስፋት፣ ጣውላው በስንት ቁመት ይጋደም፣ ድመት እንዳይደርስበትስ በምን ይሸፈን የሚል ነው።